እሬቱን ትከሉት፣ አትጠጡት

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በባምባሲ፣ ዝናቡ መቀነስ ሲጀምር ወባው ይበረታል። ከመስከረም ወዲያ ባሉት ወራት ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይተኛል፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል። ያን ጊዜ ከጤና ኬላው ሠራተኛ ቀድሞ አልጋው ራስጌ የሚደርሰው ምክር "እሬት አጠጡት" የሚል ነው። ምክሩ በወባ ብቻ አያበቃም። ለወፍ በሽታ እሬት፣ ለጨጓራ እሬት፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለኪንታሮት፣ ለውፍረት እሬት ይባላል። ምንም ሳይታመሙ "ሆድ ለማጠብ" ብለው በባዶ ሆድ የሚጨልጡትም ብዙ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ እምነት አለ፦ ተፈጥሮ የሰጠው፣ ከገዛ ጓሮ የተቆረጠ ነገር ቢያድን እንጂ አይጎዳም። ይህ እምነት ስህተት ነው። ስህተትነቱም ሰው ይገድላል።

ክርክሩን ግን መጀመሪያ እንደ ባለቤቶቹ አድርጌ ላስቀምጠው፤ የሰነፍ ክርክር አይደለምና።

በዚህ ምድር ጤና ጣቢያ ሳይኖር ሰው ኖሯል ይላሉ። የበርታውና የማኦው ሽማግሌ ከዱሩ ሥርና ቅጠል እየለቀመ ልጆቹን አሳድጓል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነስቶ አሶሳ ዙሪያ የሰፈረው ገበሬ ከጥቂት ዕቃው ጋር የእናቱን መድኃኒት በልቡ ይዞ መጥቷል። ከድንበር ማዶ ከብሉ ናይል ተሰዶ በባምባሲ መጠለያ የሚኖረውም የራሱ ዕውቀት አለው። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል "ኋላ ቀር" ብሎ መጣል ንቀት ነው። ሁለተኛም፣ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ሲደረስም መድኃኒቱ አልቋል ይባላል፤ መንገዱ በጸጥታ ችግር በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ጓሮው ውስጥ ያለው እሬት ብቻ ነበር የማይጠፋው። ሦስተኛ፣ ዘመናዊው የወባ መድኃኒት ራሱ ከተክል የወጣ አይደለም እንዴ? ኪኒን የዛፍ ልጥ ነበር፣ አርቴሚሲኒን ቅጠል ነበር። የኛው ተመራማሪዎችም እሬትን ፈትነው በወባ ላይ ኃይል እንዳለው ጽፈዋል። በመጨረሻም፣ በየሱፐርማርኬቱ የእሬት መጠጥ በጠርሙስ ይሸጣል፤ የታሸገው የሚጠጣ ከሆነ ትኩሱ ለምን አይጠጣም?

ክርክሩ ይህ ነው። አንዱንም አላሳነስኩም። አሁን ወደ ቅጠሉ እንሂድ።

አንድ ወፍራም ቅጠል ከሥሩ በስለት ቁረጡና እዩት። ከአረንጓዴው ልጥ ሥር ቢጫ ፈሳሽ፣ ማለትም ወተቱ፣ ይወጣል። ጣት ላይ ሲደርቅ ወደ ቡናማ ይዞራል፣ ልብስ ከነካ በቀላሉ አይለቅም፣ አንዲት ጠብታ ምላስ ላይ ካረፈች ምሬቷ ረጅም ሰዓት አይለቅም። ልጡን ገፍታችሁ ስትከፍቱት ደግሞ መሐሉ ላይ ውኃ የመሰለ፣ ይህ ነው የሚባል ጣዕም የሌለው፣ ከእጅ የሚያዳልጥ ዝልግልግ አለ። እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኑሩ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። ዝልግልጉ ቆዳን የሚያቀዘቅዘው ነው። ቢጫው አሎይን የሚባል ኃይለኛ ንጥረ ነገር የተሸከመ ነው፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሰብሩትና አንጀቱን ወደሚያስቆጣ ነገር ይለውጡታል። አንጀቱ ውኃ ይተፋል፣ ይኮማተራል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይመጣል። "ሆዴን አጠበልኝ" የሚባለው ይኸው ነው። የታጠበ ነገር የለም። የተቆጣ አንጀት ነው ያለው።

ይህን ይዘን ወደ ወባው እንመለስ፤ ጉዳዩ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው።

የወባ ተውሳክ ከትንኟ ንክሻ በኋላ ጉበት ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል፣ ሕዋሱን እያፈነዳ ይባዛል። ትኩሳቱና ብርዱ የሚመጣው ሕዋሶቹ በሚፈነዱበት ሰዓት ነው። እሬቱ የሚሠራው ደግሞ ትልቁ አንጀት ላይ ነው። አንጀት በተቆጣ ደም እንዴት ይጠራል? ትኩሳት ያለበት ሰው በላብ ውኃ እያጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያስታውከዋል፣ ምግብ አይወስድም። በዚያ ላይ ተቅማጥ የሚያመጣ ነገር ስናጠጣው ምን እየጨመርንለት ነው? የሰውነቱን ውኃና ጨው እናስወጣዋለን፤ ከጨዎቹም መካከል ልብ በሥርዓቱ እንዲመታ የሚያስፈልገው ፖታሲየም አለ። ለጎልማሳው ከባድ ነው። ለሦስት ዓመት ሕፃን ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

"ግን እኮ ጠጥቶ ሻለው" ይባላል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ የሻለው ይመስላል። ለምን? ምክንያቱም የወባ ትኩሳት በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ትኩሳቱን በየሁለት ቀኑ ነው የሚያመጣው። ሰውየው ዛሬ ተንቀጥቅጦ፣ አልቦት፣ ደክሞት ተኛ። ማታ እሬት አጠጡት። ነገ ትኩሳት የለም። ቤተ ሰቡ "እሬቱ ሠራ" ይላል። እሬቱ ባይጠጣም ነገ ትኩሳት አልነበረም፤ ቀኑ አልደረሰማ። ከነገ ወዲያ ሲመለስበት ደግሞ "መጠኑ አንሶ ነው፣ ጨምሩለት" ይባላል። መድኃኒቱ በማይሠራበት ቀን ሁሉ ጥፋቱ የመጠኑ፣ በሚሻለው ቀን ሁሉ ምስጋናው የእሬቱ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ዳኝነት እሬትን ቀርቶ ተራ ውኃንም የወባ መድኃኒት ያደርገዋል።

ቫይቫክስ ተመላልሶ ሲያደክም ፋልሲፓረም የሚባለው ጊዜ አይሰጥም። ትኩሳቱ ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ይጀመር የሚባለው ለወግ አይደለም። ከዚያ በኋላ ተውሳኩ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ሊያውክ፣ ደምን ክፉኛ ሊቀንስ፣ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። በእሬት የባከነ አንድ ሌሊት የሚለካው በዚህ ነው። እሬቱ ራሱ ባይመርዝ እንኳ ያሳለፈው ሌሊት ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘዋል፣ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር ወባ ከሚጫናቸው ክልሎች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ምድር "ጠብቁ፣ መጀመሪያ እሬቱን እንሞክር" ማለት ምክር ነው?

"ምሬቱ ነው ተውሳኩን የሚገድለው" የሚሉም አሉ። ኪኒን መራራ ነው፣ ክሎሮኪን መራራ ነው፣ ስለዚህ መራራ ሁሉ ለወባ ይሆናል የሚል ስሌት ነው። ምሬት ምላስ የሚያውቀው ነገር ነው። ተውሳኩ ምላስ የለውም። ኪኒን የሚሠራው ስለመረረ አይደለም፤ ተውሳኩ ቀዩን የደም ቀለም በልቶ የሚተርፈውን መርዝ እንዳያስወግድ ስለሚከለክለው ነው። መራራ ሆነው ለወባ አንዳች የማይፈይዱ ተክሎች ዱሩን ሞልተውታል።

ከተክል ስለወጣው መድኃኒት የሚነሳው ነጥብ ጠንካራ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ለተቃራኒው ወገን ነው የሚመሰክረው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በአርቴሚሲኒን እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ቅጠል ቀቅላ ስላጠጣች አልነበረም። በመቀቀል ኃይሉ እንደሚጠፋ ተረድታ፣ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አውጥታ፣ በእንስሳ ፈትና፣ ከዚያም መጀመሪያ በራሷና በባልደረቦቿ ላይ ሞክራ፣ መጠኑን ለክታ ነው። ዛሬ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት የዚያኑ ተክል ሻይ ለወባ ሕክምና አይመክርም፤ በሻዩ ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛና የሚዋዥቅ ነውና። ኖቤል ያስገኘው ቅጠል በሻይ መልክ ካልተፈቀደ፣ በሰው ላይ አንድም ማረጋገጫ የሌለው የእሬት ወተት በምን ሂሳብ ይፈቀዳል?

የኛ ተመራማሪዎችስ? አዎ፣ ሠርተዋል፤ ያኮራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከሌሎች ሁለት ተክሎች ጋር አሎ ደብራና የተባለውን የደጋ እሬት ፈትኖ የተውሳኩን ቁጥር እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን ልብ በሉ፤ የተፈተነው በአይጥ ነው። ተውሳኩም ፕላስሞዲየም በርጊ የሚባል፣ የአይጥ እንጂ የሰው ወባ ያልሆነ ነው። የተሰጠው ደግሞ በቤተ ሙከራ ተጣርቶ የተለካ ጭማቂ ነው። ደብራና በባምባሲ ጓሮ ያለው እሬት አይደለም። እንዲህ ያለ ጥናት የሚለው "ይህ ተክል ይጠና" ነው። "ይህን ተክል ጠጡ" የሚለው የኛ ጭማሪ ነው። የተመራማሪን ሥራ አክብረን ከሆነ የምንጠቅሰው፣ እስከቆመበት ድረስ እንጥቀሰው።

አሁን ወደ አባቶች እንምጣ፤ ሰው በስሜት የሚሞግተው በዚህ ነው። እኔም ስለ አባቶች ነው የምሞግተው።

የባህል መድኃኒት አዋቂ የሚባለው ሰው ዕውቀቱ "ይህ ቅጠል ያድናል" ማለት ብቻ አልነበረም። ስንት፣ መቼ፣ ለማን የሚለው ነበር ሙያው። ኮሶን ተመልከቱ። ኮሶ ሲበዛ እንደሚገድል፣ ነፍሰ ጡር እንደማትጠጣው፣ የደከመ ሰው እንደማይችለው ድሮም ይታወቅ ነበር። የሚጠጣው ለአንድ ለታወቀ በሽታ፣ በታወቀ ጊዜ ነው። ከእንቆቆና ከመተሬ ጋርም እንዲሁ። ዛሬ የምናየው ግን ምንድን ነው? ስልክ ላይ የተላለፈ ምክር፦ "ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ፣ በየቀኑ፣ ለሁሉም በሽታ።" ቅጠሉ ከነልጡ መፍጫ ውስጥ ይገባል፣ ከማር ጋር ይመታል፣ ሳምንታት ይጠጣል። ይህን የትኛው አያት አደረገው? የትኛው አዋቂ ሆድ የሚያስቀምጥ ብርቱ መድኃኒት በየማለዳው አጠጣ? በአባቶች ስም የሚነገረው ይህ ልማድ ከአባቶች የመጣ አይደለም፤ የነሱን ጥንቃቄ ጥሎ ቅጠሉን ብቻ የወሰደ ነው።

እሬትን ሆድ ለማስቀመጥ ብሎ መጠጣት የኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስልም። የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የደረቀ የእሬት ወተት ለዘመናት ለሆድ ድርቀት ሸጠዋል። ዘመናዊው ሕክምና እሬትን አልናቀም፤ ጠጥቶት፣ አጠጥቶት፣ በመጨረሻ በብዙ ቦታ ትቶታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡ የሆድ ድርቀት መድኃኒቶች ውስጥ እንዲወጣ የወሰነው ደኅንነቱን የሚያረጋግጥ መረጃ ስላልቀረበለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዚያው አገር የመርዛማ ነገሮች ጥናት መርሐ ግብር ያልተጣራ የሙሉ ቅጠል ጭማቂ ለሁለት ዓመት የጠጡ አይጦች ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ እንዳበቀሉ ይፋ አደረገ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም ያንኑ የሙሉ ቅጠል ጭማቂ ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገባው። ይህ "የጠጣ ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል" ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያስፈራራም ያጋንናል። "በየቀኑ ጠጡ፣ ምንም አያደርግም" ማለት ግን ከእንግዲህ አይቻልም።

በሱፐርማርኬት ያለው ጠርሙስስ? መልሱ አጭር ነው። ደንብ ጠብቆ የሚሠራ ፋብሪካ ቢጫውን ወተት በከሰል አጣርቶ ያወጣዋል፤ የዘርፉ ማኅበር መለኪያ በሚጠጣው ውስጥ ያለው አሎይን ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ እንዳይበልጥ ይላል። እናንተ ጓሮ ማጣሪያ አለ? በሁለት ቅጠል መካከል እንኳ መጠኑ ይለያያል፤ በዕድሜው፣ በዝርያው፣ በደረቁና በዝናቡ ወራት። አንድ ብርጭቆ እሬት ማለት ዛሬ አንድ ነገር፣ በሌላ ቀን ሌላ ነገር ነው። ለዚያውም ተጣርቶ የታሸገው መጠጥ ወባን እንደሚያድን አልተረጋገጠም።

ለእናቶች ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። እሬት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ አንጀትን በኃይል የሚያኮማትር ነገር በእርግዝና ወቅት አይጠጣም። ነፍሰ ጡር ሴት ወባ ከያዛት አደጋው በእርሷም በጽንሱም ላይ ስለሆነ ከማንም ቀድማ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት። ሁለተኛው ጡት ማስጣል ነው። ልጁ ጡት እንዲጠላ ጡት ጫፍ ላይ እሬት መቀባት የቆየ ዘዴ ነው፤ ልጁ ግን ቀምሶ ብቻ አይተወውም፣ ይውጠዋል። ለትልቅ ሰው ሆድ የሚያስቀምጥ ወተት ገና አጥንቱ ላልጠና ሕፃን ምን ያህል እንደሚበዛ ማንም አልለካላችሁም። በዚህ አገር ሕፃናትን ከሚጎዱት ዋነኞቹ አንዱ ተቅማጥ ነው። ቀስ በቀስ፣ ምግብ እየለመደ ይጣል። የታመመ ልጅ ከያዛችሁ ደግሞ ጭራሽ ጊዜው አይደለም።

የስኳር ታማሚው በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት እየዋጠ እሬት ከጨመረበት ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። የወፍ በሽታ የተባለለት ሰው ጉበቱ ቀድሞውኑ ተጎድቷል፤ እሬት በተከታታይ መጠጣት ጉበት ያስቆጣባቸው ሰዎች ደግሞ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበው ይገኛሉ። ለጉበት ብሎ ጉበትን ለአደጋ ማጋለጥ ምን ይባላል?

አንድ ነገር ግን አልክድም፤ የሩቅ ቀበሌው ሰው ምሬት እውነተኛ ነው። መድኃኒት ያለቀበት ጤና ኬላ ደጃፍ ታማሚ ተሸክሞ ደርሶ መመለስ ምን እንደሆነ ያላየ ሰው በቀላሉ አይፍረድ። ግን የዚህ ምሬት መልሱ እሬት ነው? መድኃኒት ባይኖርም እሬት የወባ መድኃኒት አይሆንም። እንዲያውም "እኛ እሬት አለን" የሚለው ልማድ ጥያቄውን ያደክመዋል። ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ ጤና ኬላ ሄዶ ደሙን ቢያስመረምር፣ ስሙ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ የመድኃኒቱ ፍላጎት ይታወቃል፤ እሬት ጠጥቶ ቤቱ የተኛው ሰው ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ላልተቆጠረ ታማሚ ኮታ አይጠየቅም። በጤና ኬላ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ወስዶ በሩብ ሰዓት ገደማ መልስ ይሰጣል። ለፋልሲፓረም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኮአርተምን የመጀመሪያ ሕክምና አድርጋለች፤ ቫይቫክስ ደግሞ በክሎሮኪንና ጉበት ውስጥ የሚደበቀውን ተውሳክ በሚገድለው በፕሪማኩዊን ይታከማል። ለዚህ እንታገል። ባለሥልጣኑን በዚህ እንጠይቀው። አጎበሩ ይሰቀል፣ ኬሚካሉ በጊዜው ይረጭ፣ ያቆረው ውኃ ይፍሰስ። የጓሮ ቅጠል የመንግሥትን ዕዳ ሊከፍል አይችልም።

ታዲያ እሬቱ ምን ይሁን? ይነቀል? በፍጹም! እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ይኑር።

በወሎ ሙስሊም መቃብር ላይ እሬት የሚተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ተክል በሚደርቅበት ቦታ ይኖራል። ባምባሲ ላይ የሚያስቸግረው ድርቁ አይደለም፣ ክረምቱ ነው፤ አፈሩ ውኃ ይዞ ከቆየ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መሬት ላይ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉት፤ ካልሆነ የዘይት ጀሪካን አንገቱን ቆርጣችሁ፣ ታቹን አራት አምስት ቦታ በስታችሁ፣ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ የበዛበት አፈር ሙሉበት። ከጎረቤት እሬት ሥር የሚበቅለውን ልጁን ከነሥሩ ለዩ፤ ወዲያው አትትከሉት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ ይቆይ። ከተከላችሁት በኋላ ውኃ አታብዙበት። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት የቤት ጥግ ይበቃዋል። ቅጠል ስትፈልጉ ከመሐሉ ሳይሆን ከውጭ በኩል ያለውን ትልቁን ቁረጡ፤ ቁራጩን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ቢጫው ወተት እስኪንጠባጠብ ጠብቁ፣ እጠቡት፣ ከዚያ ልጡን ግፈፉ።

ከውስጥ የሚገኘው ዝልግልግ ለቆዳ ነው። የገንፎ ድስት እንፋሎት እጅ ቢልጥ፣ የምጣድ ጠርዝ ክንድ ቢጠብስ፣ መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ የሚፈስ ውኃ ይውረድበት። ቅቤ አይቀባ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፣ ጭቃ አይለጠፍበት። ከቀዘቀዘ በኋላ ቆዳው ካልተቀደደና ቃጠሎው ትንሽ ከሆነ፣ የእሬቱ ዝልግልግ በስሱ ይቀባ። ይህ ምክር ብቻውን የቆመ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በቃጠሎ ሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ 371 ታማሚዎች የተሳተፉባቸውን አራት ጥናቶች አንድ ላይ አይቶ፣ እሬት የተቀባ ቃጠሎ ቀድሞ የመዳን አዝማሚያ እንዳሳየ፣ የፈጠነውም በአማካይ 9 ቀን ገደማ እንደሆነ ዘግቧል። ጥናቶቹ ጥቂት ስለሆኑ ያ ቁጥር የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ግን እሬት በሰው ላይ ተፈትኖ ተስፋ ያሳየው እዚህ፣ ቆዳ ላይ ነው። ትልቅ ቃጠሎ፣ የሕፃን ቃጠሎ፣ ፊት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያለ ቃጠሎ ደግሞ የእሬት ጉዳይ አይደለም፣ የጤና ጣቢያ ነው። ቁልቋልንና ቅንጭብን ከእሬት ጋር የምታምታቱም ተጠንቀቁ፤ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያወጡት እነሱ ናቸው፣ ያ ወተት ዓይን ከገባ ማየት እስከማሳጣት ይደርሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ ለክልሉ ሰው የተለየ ነው። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ተስፋዬ አዋስና የሥራ ባልደረቦቻቸው ለሳይንስ አዲስ የሆኑ አራት የኢትዮጵያ እሬቶችን በኪው ቡለቲን አሳወቁ። አንዱ የወሎን ስም ያዘ፣ አሎ ወሎኤንሲስ። ሌላው አሎ ቤኒሻንጉላና ነው። የዚህ ምድር ስም ያለው እሬት በዓለም የዕፅዋት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ እኛ ግን ኮረብታ ላይ ያገኘነውን ሁሉ "እሬት ነው" ብለን ነቅለን እንፈጨዋለን። የትኛው ዝርያ ምን ያህል ወተት እንዳለው ሳናውቅ እንጠጣለን፤ የትኛው ሊጠፋ እንደተቃረበ ሳናውቅም እንነቅላለን። ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች ሁሉ ኢትዮጵያ በፈረመችው በዓለም አቀፉ የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው። ከዱር አትንቀሉ፤ ጎረቤታችሁን የእሬት ልጅ ጠይቁ።

ስለዚህ "ተፈጥሮ አይጎዳም" የሚለውን ቃል ከአንደበታችን እናውጣው። የዱር እንጉዳይ ተፈጥሮ ነው፤ የእባብ መርዝም ተፈጥሮ ነው፤ ወባም ራሷ ከተፈጥሮ ናት። እሬት ለቆዳ ነው፣ ለአንጀት አይደለም፤ ለወባማ ፈጽሞ አይደለም። ስልካችሁ ላይ "ለወባ እሬት" የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉት፤ የላከውን ሰው በዘመድ አፍ፣ ሳታዋርዱት፣ ተው በሉት። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ደግሞ ቢላዋውን አስቀምጡና ውኃ እያጠጣችሁት ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት፤ ለነገ አታሳድሩት።